ራን ማለት ሮጠ ብቻ መስሎን

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትልቋ አሁን ስንተኛ ክፍል ደረሰች? ሦስት ዓመት ጠፍቶ "እንደምን ከርመሃል" ማለት ራሱ ያሳፍራል። ግን በሌላ መጀመር አላወቅሁበትም።

መጀመሪያ "ሩጫ በዝቶብኝ ነው" ብዬ ጽፌ ነበር። እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚላት ናት። ሰረዝኳት። አታምነኝም። ደግሞም ይህቺ ሩጫ የምትባል ቃል ከአንተ ጋር የማወራው ብዙ ነገር አላት።

ዘጠነኛ ክፍል እያለን የእንግሊዝኛ መምህራችን በቀን ዐሥር ቃል ሸምድዱ ያሉን ትዝ ይልሃል? ደብተሩን መሐል ለመሐል አስምረን፣ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን። ራን፦ ሮጠ። አለቀ። "ይቺማ ቀላል ናት" ብለህ ወደሚቀጥለው አለፍክ። እኔም ተከተልኩህ። ያቺ ቀላል ቃል ስንት ዓመት አድፍጣ ቆይታ እዚህ ቨርጂኒያ ላይ የእጄን ሰጠችኝ።

ታክሲውን ትቻለሁ። አሁን ሥራዬ የሐኪም ቤት አስተርጓሚነት ነው፤ ግማሹ በአካል፣ ግማሹ በስልክ። በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ነው። በስልክ ነኝ። በአንድ በኩል ነርስ፣ በሌላ በኩል አንድ አባት። መስመሩ ይቆራረጣል። ከነርሷ ጥያቄ የደረሰኝ ጭራው ብቻ ነው፦ "…ራን ኢን ዩር ፋሚሊ?" እዚህ አገር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነኝ ካልክ ወሬው ሁሉ ስለ ሩጫ ነው። ለመግባባት ያህል የጠየቀች መሰለኝ።

"አባባ፣ ከቤተሰብዎ የሚሮጥ አለ ወይ ትላለች" አልኳቸው።

"አለ እንጂ! የወንድሜ ልጅ። ለክለብ ነው የሚሮጠው። ጎበዝ ነው!"

ከነክለቡ ተረጎምኩት። በዚያኛው ጫፍ ጸጥ አለ። ከዚያ ነርሷ ቀስ ብላ፣ "የስኳር ሕመምተኞች ክለብ ነው የሚመራው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ለካ ስትጠይቅ የነበረው ስኳር በዘር አለባችሁ ወይ ብላ ነው። በሽታ በቤተሰብ ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ እንግሊዝኛው "ይሮጣል" ይላል። እኔ ደግሞ ልጁ ለክለብ ይሮጣል ያልኩት፣ በዚያ በተበላሸ መስመር ክለብ ይመራል ሆኖ ደረሳት። መምራትም፣ ማስተዳደርም ያው ራን ነው። ይቅርታ ጠይቄ፣ ሁሉንም ከሥሩ አስረድቼ አስተካከልኩ። አባባ ሲገባቸው በሳቅ ሞቱ። ስኳር የለባቸውም፣ ተመስገን።

ከዚያ ወዲህ ቃሏን እንደ ሌባ እከታተላታለሁ። የአንድ ቀን ጠዋት ልንገርህ። ሐኪሟ ዘግይታ ገባች፤ መዘግየቷን የነገረችን በራን ነው። ልጁ አፍንጫው ይፈሳል፦ ራን። ትኩሳት አለው፦ ራን። ምርመራ እናድርግለት፦ ራን። መድኃኒቱ እያለቀ ነው፦ ራን። እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ፦ እሱም ራን። እኔ በአማርኛ ስድስት የተለያየ ግሥ አወጣሁ። ከስድስቱ አንዱም ሮጠ አይደለም።

ተቅማጥንም ሳይቀር "ሩጫዎቹ" ይሉታል። አሁን የኛን አስበው። ተቅማጥ ከመቀመጥ አይደል የመጣው? አሮጊቶቹም "ያስቀምጠኛል" ነው የሚሉት። ያንኑ በሽታ እንግሊዙ ያስሮጠዋል፣ እኛ እናስቀምጠዋለን። ይህን ያገኘሁ ቀን የምነግረው ሰው አጥቼ ብቻዬን መኪና ውስጥ ሳቅሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መጀመሪያ የምደውለው ለአንተ ነበር።

ለመሆኑ ስንት ትርጉም ያላት ይመስልሃል? የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት፣ ያ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1884 ወጥቶ ሥራው በ1928 የተጠናቀቀው፣ አሁን እየታደሰ ባለው ሦስተኛ እትሙ ለግሡ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥሮላታል። ፒተር ጊሊቨር የሚባል አርታዒ ነው ቁጭ ብሎ ዘጠኝ ወር የለፋባት። ዘጠኝ ወር! ልጅ ይወለድበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ባለ 20 ቅጽ እትም ላይ ዘውዱ የሌላ ቃል ነበር፤ በ430 ፍቺ። ያኛውን ቃል በኛ ፊደል ስጽፈው "ሴት" ሆኖ ቁጭ ይላል። ለተማሪዎችህ ስታስረዳ ተጠንቀቅ።

ራን እንዲህ የተባዛችው በማሽን ዘመን ነው ይላሉ። ያሳምናል። ባቡሩ፣ ሞተሩ፣ ፋብሪካው፣ በኋላም ኮምፒዩተሩ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሮጣል። የኛ ማሽን አይሮጥም፣ ይሠራል። የኛ መኪና "ይነሳል"፣ እንደ ተኛ በሬ። አንድ የምወዳት ደግሞ አለች። አሜሪካ ውስጥ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር ይሮጣል ይባላል። እንግሊዝ አገር ግን ይቆማል። ቋንቋው አንድ፣ ምርጫው አንድ፣ አንዱ ይሮጣል አንዱ ይቆማል።

ተማሪዎችህን የተመሳሳይ ቃል ዝርዝር እያስሸመደድክ ከሆነ ግን እባክህ ተው። በራሳችን ቋንቋ አስበው። ሮጠ፣ ፈረጠጠ፣ ጋለበ፣ ከነፈ፣ ላጥ አለ፣ እግሬ አውጪኝ አለ። ዝርዝር ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። እስቲ የማራቶን አሸናፊን "ፈረጠጠ" ብለህ ሬዲዮ ላይ ተናገር! ዱላ የሚገባህ ይመስለኛል።

የኛዋ ራን ደግሞ የትኛዋ ናት ብዬ ብዙ አሰብኩ። "ያዘ" ናት። ፖሊስ ሌባ ይይዛል። ጉንፋን ሰው ይይዛል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው። ምጥ ይይዛል፣ ሳቅ ይይዛል፣ ፍቅርማ አይጣል ነው። ቦታ ይያዛል፣ ቂም ይያዛል፣ ጠበቃ ይያዛል፣ ጾም ይያዛል። አንተ ዳዊቱን በቃልህ ይዘሃል። ስልክ ስትደውል ያቺ ልጅ መስመሩ ተይዟል ትልሃለች።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎጃም እናት ሐኪሙ ፊት ቀርበው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ "እዚህ ጋ ቀስፎ ይዞኛል" አሉ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እንግሊዝኛው የያዘውን ስም ይጠይቃል። ማን ነው የያዛቸው? እሳቸው አልነገሩኝም፣ አማርኛውም አይጠይቃቸውም። "ከባድ የወገብ ሕመም አለባቸው" ብዬ ተረጎምኩ። ስህተት የለውም። ግን ያቺ "ቀስፎ"፣ መልአክ ከላይ ወርዶ የመታቸው የምታስመስለዋ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቀረች። ሐኪሙ ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ስጡኝ አላቸው። "ዐሥራ ሁለት" አሉት።

አሁን ዋናውን ልጻፍልህ። እየዞርኩ መሆኔ ሳይገባህ አይቀርም።

እማዬ ሩጫዋን ጨረሰች ብለው የነገሩኝ በፋሲካ ሰሞን ነው። ስልኩን ሦስቴ አነሳሁ፣ ሦስቴ አስቀመጥኩት። ሥራዬ እኮ ነው፤ ሐኪም መርዶ ሲናገር አጠገቡ ቆሜ ለማላውቀው ሰው ስተረጉም አፌን አይዘኝም። አንተ ጋ ስደርስ ያዘኝ። "ነገ ደህና አድርጌ እደውላለሁ" አልኩ። አርባው አለፈ። ከአርባው በኋላ ጭራሽ ከበደኝ። ከዚያ ሙት ዓመቱ። ዕዳ እንደሚሸሽ ሰው ስምህን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ወደ ታች አወርደዋለሁ።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ በር ላይ ቆማ "ምን ያሯሩጣችኋል፣ ቁጭ ብላችሁ ብሉ" የምትለን ነገር ከጆሮዬ አልጠፋም። ሽሮዋን እኔ ፊት ገፋ ታደርገው ነበር፣ አንተ እንዳታይ። ታይ እንደነበር አውቃለሁ። እግዜር ነፍሷን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። አንተንም ያጽናህ። ዘግይቶም ቢሆን ከልቤ ነው።

እሑድ እናንተ ጋ ከምሳ በኋላ እደውላለሁ። መስመሩ ተይዟል ካለችኝ ደግሜ እሞክራለሁ። እስከዚያ አንድ ጥያቄ አስብልኝ፣ አስተማሪው አንተ ነህ። ቤት ውስጥ ቡና ሲያልቅ እኛ ቡናው አለቀ እንላለን። እነሱ ግን ሰውየው ነው ከቡናው ሮጦ የወጣው። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል እንዴት ነው የምታስረዳው?

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ።

የአንተው፣
ጠፊው ወንድምህ