ያላዘዝነው ነጭ ጥለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጋዜጣ ከኋላ ገጽ ከሚጀምሩት ወገን ነኝ። ሥራዬ ያመጣብኝ አመል ነው፤ ሰው ዜናውን ሲያነብ እኔ ማስታወቂያውን፣ ከማስታወቂያውም ሎጎውን አያለሁ። ባለፈው የበዓል እትማችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» ገጽ ላይ፣ ጥቁር አረንጓዴ መደብ ላይ የተደረደሩትን ሎጎዎች ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አራቱ ነጭ ሳጥናቸውን እንደታቀፉ ገብተዋል፤ ፖስታ ላይ የተለጠፈ ቴምብር ይመስላሉ። ሦስቱ ደግሞ ሳጥኑ ወልቆላቸዋል፤ ግን ዳር ዳራቸውን ቀጭን ነጭ መስመር ቀርቶባቸዋል፣ ማንም ያላዘዘው ጥለት። ባለ ሳጥኖቹን ማንም ያያቸዋል። እኔን ያናደዱኝ ሦስቱ ናቸው፣ ምክንያቱም እነሱ ላይ አንድ ሰው ለፍቷል።

እኔም በዚሁ ተቃጥያለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ትንሽ የህትመት ቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። አምና አንድ ቡና ቤት ለአስተናጋጆቹ 24 ሽርጥ አዘዘን፤ ቡናማ ጨርቅ፣ ደረቱ ላይ ወርቃማ ጀበና፣ ከጀበናዋ ሥር «ቡና» የሚል ጽሑፍ። ሎጎውን ይላኩልን ስንላቸው ባለቤቱ በቴሌግራም ላኩት፣ እንደ ፎቶ። ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው። ቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሲልክ ጄፔግ ወደሚባል የፎቶ ፋይል ይለውጠዋል፣ ጄፔግ ደግሞ ባዶ መደብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ባዶ የነበረውን በቀለም ይሞላዋል። ያው ምስል «ፋይል» ተብሎ ቢላክ እንዳለ ይደርስ ነበር። እጄ የገባው ወርዱ 300 ፒክስል (የምስል ነጥብ) የማይሞላ፣ ነጭ መደብ ያለው ምስል ነው።

እኔም እንደ ማንም ሰው በማጂክ ዋንድ፣ አንድ ዓይነት ቀለምን በአንድ ንክኪ በሚመርጠው የፎቶሾፕ መሣሪያ፣ ነጩን ነክቼ አጠፋሁት። ስክሪኔ ላይ ንጹሕ ነበር። የፎቶሾፕ ባዶ መደብ ነጭና ግራጫ ዳማ ስለሆነ ዓይንን ይሸነግላል። ስድስት ሽርጥ ካተምን በኋላ ነው ጀበናዋ ነጭ ዘርፍ ለብሳ ያየናት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የምስል ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሆኖ እንዳይታይ፣ ዳር ላይ ያሉት ፒክስሎች የሎጎውንና የመደቡን ቀለም ቀላቅለው ይይዛሉ፤ የእኔዎቹ ግማሽ ወርቅ ግማሽ ነጭ ነበሩ። ማጂክ ዋንድ ንጹሑን ነጭ ይወስዳል፣ ቅልቅሉን ጥሎት ይሄዳል። ነጭ ወረቀት ላይ ይህ ትርፍ አይታይም። ጥቁር ነገር ላይ ሲያርፍ ነው ጉዱ የሚወጣው።

አለቃዬ «ዳሩን አንድ ፒክስል አጥብበሽ ቁረጪውና ይለቅሻል» አለኝ። ወፍራም የላቲን ፊደል ቢሆን ያስኬድ ነበር። የእኛ ፊደል ግን ሙሉ ትርጉሙን አንዲት ክንድ ላይ ያንጠለጥላል። የ«ቡ» ክንድ ውፍረቷ ሁለት ፒክስል ነበር፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሲቆረጥ ምን ይተርፋል? ለናሙና ያተምነውን ሽርጥ ባለቤቱ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና «ልጄ፣ እኔ በና ነው እንዴ የምሸጠው?» አሉኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ፎቶሾፕ ውስጥ «ሌየር» (የምስል ንጣፍ) ከሚለው ሜኑ ሥር «ማቲንግ» የሚል አለ፤ በውስጡ «ዲፍሪንጅ»፣ «ሪሙቭ ዋይት ማት» እና «ሪሙቭ ብላክ ማት» ይገኛሉ። ዲፍሪንጅ ጠርዙን አይቆርጥም፤ የዳሩን ፒክስል ቀለም አጠገቡ ባለው የውስጥ ቀለም ይተካዋል። አንድ ፒክስል ብዬ ስሰጠው ነጩ ጠፋ፣ የ«ቡ» ክንድም ባለችበት ቆየች። አሁን ማንኛውም ሎጎ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው ከሥሩ አንድ ደማቅ ቀይ፣ ቀጥሎ አንድ ጥቁር ሌየር ማንጠፍ ነው። ነጭ ዘርፍ ካለው በጥቁሩ ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ ጥቁር መደብ ላይ ተሠርቶ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ጥቁር ጥላሸቱ በቀዩ ላይ ይታያል።

(ጨርቅ ለሚያትሙ የሙያ ጓደኞቼ፦ በዲቲኤፍ፣ ማለትም ፊልም ላይ አትሞ ጨርቅ ላይ በሙቀት በመለጠፍ ዘዴ፣ ከቀለሙ ሥር ነጭ ቀለም ይነጠፋል። ፋይሉ ንጹሕ ሆኖም ነጩ ከቀለሙ እኩል ከተነጠፈ ትንሽ ሲዛነፍ ከዳር ብቅ ይላል። እሱ የዲዛይነሩ ጥፋት አይደለም፤ የማተሚያው ሶፍትዌር ላይ ነጩን ወደ ውስጥ ሰብሰብ ማድረግ ነው። እኔ በዚህ ሁለት ቀን የሰው ኃጢአት ተሸክሜያለሁ።)

እውነቱን ለመናገር ሽርጡን ያዳነው ዲፍሪንጅ ብቻውን አይደለም። 300 ፒክስል ለደረት ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ ጀበናዋንም ፊደሉንም ኢለስትሬተር በሚባለው የመሣያ ፕሮግራም ፔን ቱል እንደገና ሣልኳቸው። እንዲህ ያለው ሥዕል ቬክተር ይባላል፤ በፒክስል ሳይሆን በመስመር ስለሚሠራ ቢያሳንሱትም ቢያሳድጉትም ጠርዙ ያው ነው፣ መደብም የለው። ከመጀመሪያውም ሎጎውን የሠራው ባለሙያ ይህን ፋይል ማስረከብ ነበረበት፤ ለባለቤቱ የሰጠው ግን አንድ ትንሽ ምስል ብቻ ነው። እንደ እኔ ሐሳብ ሎጎ ያሠራ ሰው የቬክተር ፋይሉን (ኤአይ ወይም ኤስቪጂ የሚባለውን)፣ ባዶ መደብ ካለው ፒኤንጂ ምስል ጋር፣ እጁ ሳያስገባ ቀሪውን ክፍያ መክፈል የለበትም።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያ ስትቀበሉ «ሎጎ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላክ፤ ቬክተር ካለ ይመረጣል» የምትል አንዲት መስመር የዋጋ ዝርዝራችሁ ላይ ጨምሩልን። ገጽ አቀናባሪዎቻችሁም ነጭ ሳጥን ለማጥፋት «መልቲፕላይ» ላይ (የላዩን ቀለም ከሥሩ ቀለም ጋር የሚያዋህደው አሠራር) አይደገፉ። ለጥቁር ሎጎ ይሠራል፤ ቢጫው ግን አረንጓዴ መደብ ላይ ሲወድቅ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ባለ ቢጫው ድርጅት ይደውልላችኋል። ከፍሎ ያወጣው ማስታወቂያ ነውና ቢቆጣም አይፈረድበትም።

ባለ ቡና ቤቱ አልተቀየሙንም፤ አሁንም ሜኑአቸውን እኛ ጋ ያሳትማሉ። ነጭ ዘርፍ ያወጡትን ስድስት ሽርጦችና ያቺን «በና» የምትለዋን እኛው አስቀረናቸው። ማሽን ስናጸዳ የምንለብሰው እነሱን ነው፤ «በና» የእኔ ድርሻ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የህትመት ቤት ሠራተኛ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ