«ሥራ አጥቼ ነው» ካሉ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

«የኢኮኖሚ ስደተኛ ጥገኝነት አያገኝም» የሚለው አባባል በየጊዜው ይጻፋል፤ ግማሹ እውነት ነው። ጥገኝነት ጠያቂዎች ኬዛቸውን ሲጽፉ የማግዝ ሰው ነኝና፣ ብዙዎችን የሚጎዳው ያልተነገረው ግማሽ እንደሆነ አያለሁ።

እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት የሚያውቀው አምስት ምክንያት ነው፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባልነትና የፖለቲካ አመለካከት። ድህነት የለበትም። ስለዚህ የኑሮ ውድነቱ ሁሉንም እኩል ከመታ ጥያቄው ይወድቃል። ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው የአሠራር መመሪያ፣ አንቀጽ 63 ላይ፣ ከኢኮኖሚ እርምጃ ጀርባ የዘር፣ የሃይማኖት ወይም የፖለቲካ ዓላማ ሊኖር እንደሚችል ይናገራል። የአንድን ወገን የመነገድ መብት መንጠቅን፣ በዚያው ወገን ላይ ብቻ የሚጫን ከባድ ግብርን በምሳሌነት ያነሳል።

ባለጉዳዩ ግን ይህን ከየት ይወቀው? አንድ ነጋዴ «ሥራ አልነበረኝም፣ ኑሮ ከበደኝ» ብሎ ጨረሰልኝ። ደጋግሜ ስጠይቀው፣ የንግድ ፈቃዱ አይታደስም የተባለው ወንድሙ በተቃዋሚ ፓርቲ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ያንኑ ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤቱ ያለችግር አሳድሷል። የኬዙ አከርካሪ ይኸው ጎረቤት ነው። ሰውየው ግን «እሱን ምን አገባው» ብሎ ሊተወው ነበር! ሌላው ደግሞ ድህነቱን ለማውራት ያፍርና በደላላ ምክር ያልታሰረውን ታሰርኩ ይላል። ቃሉ አንዴ ከተፋለሰ እውነተኛው በደልም አብሮ ይወድቅበታል።

ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ የክብደቱ ጥያቄ ይመጣል፦ በደሉ ጥገኝነት የሚያሰጥ «ማሳደድ» ለመባል ይበቃል ወይ የሚለው፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። በአውስትራሊያ ሕግ ለከባድ ጉዳት ከተዘረዘሩት ምሳሌዎች አንዱ ማንኛውንም ዓይነት መተዳደሪያ መከልከል ነው፤ ያውም ክልከላው በሕይወት የመቆየት አቅምን አደጋ ላይ ከጣለ። በአመለካከቷ ምክንያት ከማስተማር የታገደች መምህርት «የቀን ሥራ አትሠሪም?» ብትባል ምን ትመልሳለች? የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 በሰጠው ውሳኔ፣ ሆን ተብሎ የተጫነ ከባድ የኢኮኖሚ ጉዳት ማሳደድ ሊሆን እንደሚችል፣ አመልካቹም መተዳደሪያውን ሙሉ በሙሉ ማጣቱን ማስረዳት እንደማይጠበቅበት ተናግሯል። ይኼኛው ለእኔ ፍትሐዊ ነው። በዳይ ያለው ድህነት ከበዳዩ ተነጥሎ በሆድ ብቻ መለካት የለበትም።

ደግሞ መነጣጠሉ አለ። ፈቃድ መከልከሉ ለብቻው ይታይና «ማሳደድ አይደለም» ይባላል፤ ከኪራይ ቤት መባረሩም ለብቻው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት አንቀበልም መባላቸውም ለብቻው። ያው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ፣ በየራሳቸው የማይበቁ በደሎች ተደምረው ሊበቁ እንደሚችሉ ይቀበላል። ስለዚህ ሦስቱንም በጊዜ ቅደም ተከተላቸው፣ ማን እንዳደረገውና ምን ብሎ እንደመለሳችሁ ጨምራችሁ ጻፉ። የግብር ደረሰኝ፣ የእንቢታ ደብዳቤ፣ የስንብት ወረቀት ካለ ይያያዝ። ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ለምን እንዳልተሰጠው ይናገር፤ በቃል ብቻ የሚያባርር ቢሮ ብዙ ነው።

ጥገኝነት ጠያቂዎችን የምታግዝ አንባቢያችሁ