ከየት ከየት ነን? የሥነ ጥበብ ክበብ ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን ኮላጅ፣ ማለትም ወረቀትና ምስል እየቆረጡ በመለጠፍ የሚሠራ ሥዕል፣ ሲሠራ ከረመ። ግማሹ ምክንያት ገንዘብ ነው። ቀለም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ካርቶን፣ አሮጌ ጋዜጣና ኮላ ግን አይጠፋም። ርዕሳችን «ከየት ከየት ነን?» የሚል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች፣ እውነት ለመናገር፣ አሰልቺ ነበሩ። ባንዲራ፣ ጀበና፣ ላሊበላ። የአስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ ይመስሉ ነበር። ልጆቹ ግን የአንዷ እናት ሐረሪ፣ አባት ጎጃሜ፤ የሌላው አያት የመናዊ። ወረቀቱ ላይ ይህ ሁሉ የለም።

ስለዚህ የሁለት ሰዓሊዎችን ሥራ አየን። አንዱ በአባቱ በኩል የአርመን ዘር ያለው የአዲስ አበባው እስክንድር ቦጎሲያን ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ያለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1964 በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የተሠራ ነው። ይህን ከሰሙ በኋላ ካርቶን የናቀ ልጅ አላየሁም።

ብዙ የቆየነው ግን ንጂዴካ አኩኒሊ ክሮስቢ ላይ ነው። ናይጄሪያ ተወልዳ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ገባች፤ ባለቤቷ አሜሪካዊ ነው። የምትሥለው ተራ ሳሎን ነው፤ ሶፋ፣ ጠረጴዛ፣ የተቀመጡ ሰዎች። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግድግዳውና ወለሉ በናይጄሪያ ፎቶዎች ተሞልቷል፤ የቤተሰብም፣ የመጽሔትም። ባንዲራ አያስፈልጋትም።

አብዛኞቹን ፎቶዎች ቀለም በሚያስለቅቅ ፈሳሽ፣ በአሴቶን ነው ወደ ወረቀቱ የምታስተላልፋቸው። እኛም ሞከርነው። ፎቶ ኮፒውን በፊቱ ደፍቶ፣ ጀርባውን አሴቶን በነካ ጥጥ ማሸት ነው። ቀለሙ ለቆ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ሽታው ከባድ ስለሆነ ውጭ ዛፍ ሥር ሠራን። ምስሉ እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል፤ ፊደሉም አብሮ።

የሐረሪዋ ልጅ የእናቷን ወገን ቤት ሠራች፤ ግድግዳው ሙሉ ስፌት ነው። መደቡ ላይ ጋቢ የለበሱ የአባቷን አጎት አስቀመጠች፤ ወለሉን በአባቷ የድሮ ደብዳቤዎች ሞላችው። ጽሑፉ ሁሉ ተገልብጧል። እናስተካክለው ስላት «ዝም ብለው እንዲያልፉት አልፈልግም» አለችኝ። ለኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነው። በወላጆች ቀን አንድ አባት ሌላ ሥዕል ፊት ቆመው «ይሄ የኛ ሶፋ አይደል እንዴ!» ሲሉም ሰማሁ።

ለከርሞ መመዝገብ የምትፈልጉ አሮጌ መጽሔትና የቤተሰብ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ኑ፤ ዋናውን ፎቶ እንዳታመጡ። የክበቡን መቀሶች የወሰዳችሁም ብትመልሱ ጥሩ ነው።