ደብዳቤ ለልጄ፦ ስማቸውን አስተካክለህ ጥራ

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ የነገርከኝ ከልቤ አልወጣም። ቤዝቦል ከምታሰለጥናቸው ልጆች ሁለቱ ዶሚኒካኖች የሄይቲውን ልጅ በመልኩ ሰደቡት፤ «እናንተስ?» ስትላቸው «እኛ ዶሚኒካን ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» አሉህ፤ የእኛው ሀበሻ ልጅም አብሯቸው ሳቀ። «ምን ልበላቸው?» ብለሃል። ከመቆጣትህ በፊት ስድቡ ከየት እንደመጣ እወቅ። ዶሚኒካንና ሄይቲ በሚጋሯት በዚያች ደሴት የቤዝቦሉ ታሪክና የዚህ ስድብ ታሪክ አይነጣጠሉም።

ጨዋታውን ወደ ዶሚኒካን ያመጡት አሜሪካኖች አይደሉም፣ ኩባውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ኩባ ውስጥ በስፔን ላይ የአሥር ዓመቱ ጦርነት ሲነሳ የተሰደዱት ሰዎች የስኳር ሙያቸውንም ቤዝቦላቸውንም ይዘው ተሻገሩ። በሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ ዙሪያ የስኳር ፋብሪካ በፋብሪካ ሆነ። ለአገዳው የሰው እጅ ሲጠፋ ከሴንት ኪትስ፣ ከኔቪስ፣ ከአንጊላና ከሌሎች የእንግሊዝ ደሴቶች ሠራተኛ ይመጣ ጀመር። ጥቁሮች ናቸው፤ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ክሪኬት ይጫወታሉ። አገሬው «ኮኮሎ» አላቸው። ቃሉ ስድብ ነበር። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከክሪኬት ወደ ቤዝቦል ዞሩ፤ ኮንሱዌሎ ከምትባለው የስኳር ፋብሪካ ሰፈር የወጣው ሪኮ ካርቲ በ1970 በ.366 አማካይ (ከሺህ ሙከራ 366ቱን እንደመምታት ነው) ከአሜሪካ ሁለት ትልልቅ ሊጎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግ የምት አሸናፊ ሆነ፤ ጆርጅ ቤል በ1987 የሌላው፣ የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ቤል፣ ካርቲ፣ ግሪፊን የሚሉት ስሞች የስፔን አይደሉም፤ አያቶቻቸው ከእነዚያ ደሴቶች ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። የኮኮሎዎቹን የጭፈራ ትርኢት ዩኔስኮ በ2005 በቅርስነት አውቆለታል፤ ዛሬ ቃሉን በኩራት የሚጠሩት ብዙ ናቸው። ሁለቱ ልጆችህ የሚያደንቋቸው ስመ ጥር ተጫዋቾች የመጤ ጥቁር አገዳ ቆራጭ ዘር መሆናቸውን ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል። አንተ ንገራቸው።

ከኮኮሎዎቹ በኋላ አገዳውን መቁረጥ በሄይቲዎች ጫንቃ ላይ ወደቀ። የሚኖሩት «ባቴይ» በሚባል፣ በአገዳው መሃል በተተከለ የሠራተኛ ሰፈር ነው። በ1937 አምባገነኑ ትሩሂዮ፣ ዋና ከተማዋን በራሱ ስም ያስጠራው ሰው፣ ለከተማው የቤዝቦል ቡድን ሳቸል ፔጅንና ጆሽ ጊብሰንን የመሳሰሉ ጥቁር አሜሪካውያን ኮከቦችን በገንዘብ አስመጣ፤ ቡድኑም ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወታደሮቹ በድንበሩ አካባቢ ሄይቲዎችን በሺዎች ጨፈጨፉ። እንደሚነገረው የፐርስሊ ቅጠል ከፍ አድርገው «ፔሬሂል» (የቅጠሉ ስም በስፔንኛ) በል ይሉ ነበር፤ የስፔኑ «ር» እና «ሂ» ለሄይቲ አፍ ይከብዳል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ በዮርዳኖስ መሻገሪያ «ሺቦሌት» በል እየተባለ የታረደውን ሰው አስታውስ፤ ያው ነው። በባቴይ የነበሩት ግን በብዛት ተረፉ፤ አገዳው ይፈልጋቸው ነበር። የትሩሂዮ የእናቱ እናት ራሷ የሄይቲ ዘር ነበረባት።

«ጥቁር አይደለንም» የሚለው የተጠናከረው በዚህ አገዛዝ ነው። ጥቁር ማለት ሄይቲ ማለት ሆነ፤ ዶሚኒካኑ ግን ቆዳው የቱንም ያህል ቢጠቁር በመታወቂያው ላይ «ኢንዲዮ» ተብሎ ይጻፍለት ነበር። ልጆቹ ያሉህ ከአያቶቻቸው መታወቂያ ላይ ያለውን ነው። አሜሪካ ግን ይህን አቆጣጠር አታውቀውም። ኦዚ ቨርጂል በ1956 ወደ ትልቁ ሊግ የገባ የመጀመሪያው ዶሚኒካን ነው፤ በ1958 ዲትሮይት ሲገባ ደግሞ የከተማው ቡድን የታይገርስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ተባለ። ሌላው ዶሚኒካን ተጫዋች ፌሊፔ አሉም በ1956 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ተመድቦ ሳለ ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይጫወት ስለተከለከለ ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ወደ ፍሎሪዳ ተላከ። እርሱ ዶሚኒካን ነኝ ማለቱ ምን ፈየደለት?

አሁን ወደ ሀበሻው ልጅ ልምጣ፤ ያንገበገበኝ እርሱ ነው። «እኛ ሀበሻ ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» የሚለው በእኛም ሰው መካከል፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሳይቀር ይሰማል። «ባሪያ» የሚለውን ቃል ከአገር ቤት ይዘን የመጣን እኛ ነን፤ ልጁ ሳቁን ከትልልቆቹ ተምሮታል። በልጆቹ ፊት አታዋርደው። ለብቻው ወስደህ በአማርኛ ንገረው፤ በእንግሊዝኛ ከተናገርከው የአሰልጣኝ ተግሣጽ ይሆንና ያልፈዋል።

ስለ ስም ደግሞ አደራ። ፌሊፔ ሙሉ ስሙ ፌሊፔ ሮሃስ አሉ ነው። ሮሃስ የአባቱ፣ አሉ የእናቱ ስም ነው፤ የመለመለው ሰው የመጨረሻውን ስም የአባት ስም አድርጎ ቆጠረውና ወንድሞቹም ሁሉ በአሜሪካ «አሉ» ሆነው ቀሩ። በእኛም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ የእናትና የልጅ ስም ሳይገጥም ሲቀር መዝጋቢው በጥርጣሬ ያያል። ስለዚህ የስፔን ስም ካለው ልጅ ከሁለቱ የቤት ስሞች የፊተኛውን፣ የአባቱን ጻፍ። ከሀበሻ ልጅ ቤተሰቡ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ጠይቅ። የሄይቲው ልጅ ስሙ «ዣን» ከሆነ «ጂን» ብለህ አትጥራው፤ እንግሊዝኛው የሴት ስም ያደርገውና ስድቡን ራስህ ትጀምርለታለህ።

የልደት ወረቀቱንም ራስህ ተመልከት። በሊትል ሊግ፣ በልጆቹ የቤዝቦል ማኅበር ደንብ ዕድሜ የሚቆጠረው ኦገስት 31 ላይ ልጁ በሚሞላው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነርሱ 2012 ወይም 2013 ነው የሚሆነው፤ ሳይቀየር ከተመዘገበ ሕፃኑ ጎረምሳ ይሆናል። በ2001 ከብሮንክስ የመጣ ቡድን ኳስ ወርዋሪው 12 ዓመቱ ነው ተብሎ 14 ሆኖ ሲገኝ ድሉ ሁሉ ተሰረዘ። ወረቀቱን ያጭበረበሩት አዋቂዎች ናቸው፤ ጥርጣሬው ግን ምንም ባላደረጉ የስደተኛ ልጆች ላይ ተረፈ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ጠይቅ፤ ለሄይቲው ልጅ የተለየ ነገር አትጨምር፤ ስለ ወላጆቹ የመኖሪያ ፈቃድ ከቶ አታንሳ። በ2013 የዶሚኒካን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ከሚኖሩ የውጭ ዜጎች የተወለዱትን፣ እስከ 1929 ወደ ኋላ ሄዶ፣ ዜግነት እንደማይገባቸው ወሰነ። በብዛት የተመቱት የሄይቲ ዘር ያላቸው ናቸው። መታወቂያ የሌለው ልጅ ክንዱ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ ከአሜሪካ ቡድን ጋር መፈረም አይችልም። ወረቀት ለእነዚህ ቤተሰቦች ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ልምምዱን በቢቲያ ጀምርላቸው። የዶሚኒካን የሰፈር ጨዋታ ነው፤ ኳሱ የትልቁ የውኃ ጀሪካን ክዳን፣ ዱላው የመጥረጊያ እንጨት። እንጨቱን 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠህ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሽው፤ ስንጥር እጅ ይበላል። ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት መጥረጊያ እጀታ አይሆንም፣ ይታጠፋል። ወርዋሪው 10 ሜትር ይራቅ። ክዳኑን ድፍኑ ጎን ወደ ላይ ሆኖ፣ ጠርዙን በአመልካች ጣት ይዞ ከጎን ያሽከርክረው። ክብደት ስለሌለው መጨረሻ ላይ ይታጠፋል፤ ቸኩሎ የሚመታ ሁሉ ይስታል። እስኪጠጋ መጠበቅን ያስተምራል፤ ከዚያ 145 ግራም ገደማ የሚመዝነው እውነተኛው ኳስ ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስላቸዋል። ንፋስ ወደ ወርዋሪው ፊት ከነፈሰ ክዳኑ ሽቅብ ይነሳል፤ ጀርባውን ለንፋሱ ይስጥ። የራስ ቁር ከነፊት መከለያው አድርጉ፣ ጠርዙ ዓይን ያቆስላል።

ሁለቱ ዶሚኒካኖች አወራወሩን ያውቁት ይሆናል፤ አስተማሪ አድርጋቸው። አንዱን ከሄይቲው ልጅ ጋር፣ ሌላውን ከሀበሻው ልጅ ጋር በአንድ ወገን አሰልፋቸው።

ክዳኖቹን እዚህ ከሬስቶራንቶቹ እየለመንኩ 40 ያህል አጠራቅሜልሃለሁ። የተሰነጠቁትን ለይቻለሁ። ዓርብ ማታ መጥተህ ውሰድ፣ እራትህንም ትበላለህ።

እናትህ