የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ ኒቆዲሞስን በካርታ

ክበቡ ዘንድሮ ብዙ አገር ከመዞር አንዲት መንደር ይዞ ከርሟል። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የምትገኘውን ኒቆዲሞስን እ.ኤ.አ. በ1877 የቆረቆሯት ከባርነት ነፃ ወጥተው ከኬንታኪ የመጡ ጥቁሮች ናቸው። ዛሬ ነዋሪዎቿ በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑም ከ1996 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ሆና ትጠበቃለች። የእንዲህ ያለች መንደር ዕጣ ካርታ ላይ በሁለት መስመር ይነበባል፤ በቅየሳውና በሐዲዱ።

ጊዜ የፈጀው ቅየሳው ነው። በ1785ቱ የመሬት ድንጋጌ መሠረት ታውንሺፕ የሚባለው ካሬ በየጎኑ 6 ማይል ሲሆን፣ በውስጡ 1 ማይል በ1 ማይል የሆኑ 36 ሴክሽኖች አሉት። አንዱ ሴክሽን 640 ኤከር፣ ማለትም 259 ሄክታር ይሆናል። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ ለሰፋሪ የፈቀደው የዚህን ሩብ፣ 160 ኤከር ነው፤ አምስት ዓመት ኖሮበትና አልምቶት ከተገኘ የራሱ ይሆናል። በእኛ አንድ ጋሻ ተኩል ያህል መሆኑ ነው። (ጋሻ እንደ መሬቱ ለምነት ይሰፋና ይጠብ ስለነበር «ያህል» የምትለው ቃል ከዚህ አትወጣም።)

በ1፡50,000 መስፈርት ታውንሺፑ 19.3 ሳ.ሜ፣ ሴክሽኑ 3.2 ሳ.ሜ ስለሚሆን አንድ ኤ4 ወረቀት ይበቃዋል። የተሳሳተው የሴክሽኖቹ ቁጥር አሰጣጥ ነው። አብዛኛው ቡድን በየረድፉ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠረ። ትክክለኛው 1 ቁጥር ግን ከሰሜን ምሥራቅ ጥግ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ 6 ይሄዳል፤ 7 ከ6 ሥር ይውልና እንደሚያርስ ጥማድ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። በካንሳስ ለትምህርት ቤት የተለዩት 16ኛውና 36ኛው ሴክሽኖች ነበሩ። 36ኛው በሁለቱም አቆጣጠር ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ስለሚወድቅ ስህተቱን ደበቀው፤ 16ኛው ግን አንድ ማይል ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ ተገኘ።

እኛ አገር ቃላድ የሠራውን ሥራ እዚያ የጉንተር ሰንሰለት የሚባለው የቀያሾች መለኪያ ሠርቶታል። ርዝመቱ 20.12 ሜትር ነው፤ 80 ጊዜ ሲዘረጋ ማይል ይሞላል። በትምህርት ቤቱ ሜዳ በናይሎን ገመድ ሲሞከር ገመዱ ተለጠጠ። በአንድ ዝርጋታ 20 ሳ.ሜ ብቻ ቢለጠጥ ማይሉ በ16 ሜትር ይዛባል፤ ስለዚህ በሽቦ ተተካ። ተዳፋት ላይ ደግሞ ሽቦው መሬቱን ተከትሎ ከተኛ ርቀቱን ያበዛል። አግድም ተወጥሮ ጫፉ በቱንቢ ወደ መሬት መውረድ አለበት፤ ዳገቱ ከከፋ በግማሽ ርዝመት እየተከፈለ ይለካል።

የመጀመሪያው የብርድ ወራት በካርታ አይታይም፣ ግን መታለፍ የለበትም። ብዙዎቹ የደረሱት በመስከረም ስለነበር የእርሻ ጊዜ አልፏል፤ ለቤት የሚሆን ዛፍም በሜዳው ስላልነበረ አፈር ቆፍረው ገቡ። ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕንዶች ምግብ አካፈሏቸው።

ሐዲዱ አጭር ታሪክ ነው። በ1888 ሲጠበቅ የነበረው ባቡር መንደሯን ትቶ ከሰለሞን ወንዝ በስተደቡብ አለፈ፤ ነጋዴዎቹም ሱቃቸውን ነቅለው ቦግ ወደተባለች የሐዲዱ ዳር ከተማ ሄዱ። የድሬዳዋንና የሐረርን ነገር ያነሡ ተማሪዎች ነበሩ። ንጽጽሩ እስከ ግማሽ ያስኬዳል፤ በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ ጎን የቀረችው ሐረር የዘመናት ከተማ ነበረች፣ ኒቆዲሞስ ግን በ1888 ባቡሩ ሲያልፋት ገና 11 ዓመቷ ነበር።

የሕዝብ ብዛት ካርታውን የሠራው ቡድን አንድ ችግር ገጥሞታል። በየዓመቱ በሐምሌ ሃያዎቹ የነዋሪዎቹ ዘሮች ከየግዛቱ ተሰብስበው መንደሯ ትሞላለች፤ ከዚያ ይበተናሉ። በየትኛው ቁጥር ትሳል? ክርክሩ ስላልተቋጨ ቤተ መጻሕፍት በተሰቀለው ካርታ ላይ ለጊዜው ባዶ ክብ ተደርጎላታል።