ከፎቶው ሥር የአንሺው ስም ይጻፍ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ባወጣችሁት ዘገባ ላይ ያለው ፎቶ ግሩም ነው። የፈረሱ የፊት እግሮች አየር ላይ ናቸው፣ አቧራውን ፀሐይ በጎን መትታው ወርቅ መስሏል፣ የፈረሰኛው ፊት ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ያነሳው ሰው እንጅባራ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ብርሃኑን አይቶ፣ ያቺን ቅጽበት ጠብቋል። ከሥሩ የጻፋችሁት ግን «ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ» ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ አያነሳም። እባካችሁ ስሙን አጣሩና በሚቀጥለው እትም አውጡት።

ሥዕል ስታትሙ የሠዓሊውን ስም አትዘሉም። ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን ብዙዎቻችን «መጫን ብቻ አይደል እንዴ?» እንላለን። አይደለም። ፎቶ አንሺዋን አይዳ ሙሉነህን እዩ። ፊት ቀለም ቀብታ፣ ልብሱንም ዳራውንም አስባ አዘጋጅታ የምታነሳቸው ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችውም እሷ ናት።

የስም ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ማሊያዊው ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፈተ። የመጀመሪያ መጋረጃው የራሱ አልጋ ልብስ ነበር። ደንበኛው ክት ልብሱን ለብሶ ይመጣል፣ ኬይታ አቀማመጡን ያስተካክላል፣ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ይነግረዋል፣ ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 እነዚያ ፎቶዎች ኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርቡ አንሺው አይታወቅም ተባለ። ሰውየው ግን በሕይወት ነበር! አፈላልገው ባማኮ አገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሪስ ላይ በስሙ ኤግዚቢሽን ተከፈተለት፣ ዛሬ ከአፍሪካ ታላላቅ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ተብሎ ይጠራል። ነጋቲቮቹን፣ ማለትም ፎቶዎቹ የሚታተሙባቸውን ፊልሞች፣ በቆርቆሮ ሳጥን ባያስቀምጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

እናቴ በወጣትነቷ ደብረ ማርቆስ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ሹሩባዋን ተሠርታለች፣ ከኋላዋ ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ከጎኗ የፕላስቲክ አበባ አለ። ብርሃኑ አንድ ጉንጯን ያበራና ሌላውን ቀስ እያለ ያጠላል፤ መብራቱን እዚያ ጋ ያስቀመጠው ሰው የሚሠራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ፣ የአንሺው ስም ግን የለም። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፎቶ ስታወጡ ያነሳውን ፈልጋችሁ አስፈቅዱ፣ ስሙንም ጻፉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። ከዚያ አንድ ገጽ ለጎጃም ፎቶ ቤቶች ስጡ። በማርቆስ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላ ድሮ የሠሩ ሰዎችን ወይም ልጆቻቸውን አነጋግሩ፣ ካርቶን ውስጥ የቀረ ነጋቲቭ ካለ ቤት ሲጸዳ እንዳይጣል ንገሯቸው። የደብረ ማርቆሶቹን ሄጄ ለመጠየቅ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ