በፀደይ ጉዞ መንገድ የምንቀይረው ለምንድን ነው?

ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የፀደይ የሞተርና የብስክሌት የቡድን ጉዞ ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «አየሩ ቢበላሽስ?» በስልክ ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ቁራጩን ከምንናገር አንዴ ቁጭ ብለን እንጻፈው አልን። ትንሽ ይረዝማል። ቢሆንም ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ጉዞ መሰረዝ አንወድም፣ መንገድ ለመቀየር ግን አናመነታም። ዝናብ ብቻውን አያስቀረንም። የሚያስቀረን መብረቅ፣ ሰው የሚገፈትር የጎን ነፋስና አስፋልት ላይ የረጋ በረዶ ነው። የቀረው ሁሉ በመላ ይያዛል፤ አንዳንዴ ሰዓት እናስቀድማለን፣ አንዳንዴ ተራራውን ትተን በሸለቆው እንዞራለን፣ አንዳንዴ ደግሞ የሁለት ቀኑን መንገድ ግማሹን እንቆርጠዋለን። ስለዚህ በፎቶ ያሳየናችሁ አናት ላይ ሳትደርሱ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ይህን ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል።

ፀደይ ለምን እንዲህ እንደሚገለባበጥ ከገባችሁ ግማሹ ውሳኔያችን ይገባችኋል። ፀሐይዋ በርትታለች፣ መሬቱን በደንብ ታሞቀዋለች፤ ከላይ ያለው አየር ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። የሞቀው አየር እርጥበት ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ወጥቶ ደመና ይሆናል፣ ደመናው ከቀትር በኋላ ይከመርና ዶፍ ያወርዳል፣ ሲብስበትም የበረዶ ጠጠር። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ «ዛሬማ ታደልን» ያላችሁበት ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥቁር ይሆናል፣ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ እየዘነበ ፀሐይ ወጥታ ጅብ ወለደች ያሰኛል። በጠዋት ተነሱ የምንላችሁ እንቅልፍ ልንነሳችሁ አይደለም። ከፍ ያለውን የመንገዱን ክፍል ከቀትር በፊት ጨርሰን እንድንወርድ ነው። ችግሩ፣ ሌሊቱ ውርጭ ከነበረ ጠዋቱም የራሱ ጣጣ አለው። ቀን የቀለጠው ውሃ ፀሐይ በማይነካው ኩርባ ላይ ሌሊት ተመልሶ በረዶ ይሆናል፣ ከሩቅ ሲያዩትም እርጥብ አስፋልት ይመስላል። ሁለቱ ሲጋጩ፣ ማለትም ጠዋት የረጋ በረዶ ከሰዓት ነጎድጓድ ከተባለ፣ ከፍታውን እንተወዋለን። እዚህ ላይ አንከራከርም።

አሁን ወደ ብርዱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ስለ ዝናቡ ይጨነቃል፣ እኛን ግን ይበልጥ የሚያሳስበን ብርዱ ነው። ስሌቱን እዩት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መነሻው ላይ 16 ዲግሪ ከነበረ፣ ከዚያ 1,500 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው አናት ላይ 6 ዲግሪ ገደማ ይጠብቃችኋል። ለቆመ ሰው 6 ዲግሪ ምንም አይደለም። በብስክሌት በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቁልቁል ስትወርዱ ግን ነፋሱ ተደምሮ ቆዳችሁ የሚሰማው ዜሮ አካባቢ ነው፤ በሞተር በ80 ስትነዱ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ይህም ደረቅ ለሆነ ሰው ነው። ዳገቱን በላብ ተነክሮ የወጣ ብስክሌተኛ፣ ወይም ውሃ ያስገባ ጓንት ያደረገ ሞተረኛ፣ ከዚህ በጣም የባሰ ይበርደዋል። ቀድመው የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው። ፍሬን የሚይዙትም እነሱው ናቸው። አናት ላይ እንደደረስን ገና ፎቶ ሳታነሱ «ጃኬት ልበሱ» እያልን የምንነዘንዛችሁ ለዚህ ነው።

መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ ንገሩን። ሰው እየተንቀጠቀጠ ዚፑን መዝጋት ሲያቅተው፣ ንግግሩ ሲኮላተፍ፣ ሲጠይቁት ዘግይቶ ሲመልስ፣ የሰውነቱ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በታች ሲወርድ በሽታ ነው፣ ስሙም ሃይፖተርሚያ ነው። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ ደግሞ ጉዞው እዚያው ያበቃል፤ እርጥቡን ልብስ አውልቀን፣ ደረቅ አልብሰን፣ እርዳታ እንጠራለን። ከዚህ በፊት ያለው ደረጃ ላይ መያዝ ቀላል ነው። የሚከብደው የሰው ይሉኝታ ነው። ብቻውን ቢሆን ገና ድሮ ተጠልሎ የነበረ ሰው አሥር ሆኖ ሲሄድ ያፍራል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ጥርሱ እየተፋጨ ይነዳል። ስለዚህ ደንባችን ይህ ነው፦ የቡድኑን ፍጥነትና መንገድ የሚወስነው በዚያ ሰዓት በጣም የበረደው ሰው ነው። በቃኝ ያለ ሰው ምክንያት አይጠየቅም፣ ብቻውንም አይመለስም።

ስለ ትንበያ ደግሞ አንድ ነገር። በሳምንቱ መጀመሪያ የስልካችሁን የአየር ትንበያ ስክሪንሾት የምትልኩልን አላችሁ፤ እናመሰግናለን፣ ግን ቅዳሜን ሰኞ ላይ ሆነን አንወስንም። የሰባት ቀን ትንበያ ለሐሳብ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። በተለይ የከሰዓት ነጎድጓድ የትኛው ሸለቆ ላይ እንደሚወርድ በዋዜማውም በትክክል አይታወቅም። «የዝናብ ዕድል 40 በመቶ» ሲባልም ከቀኑ 40 በመቶውን ይዘንባል ማለት አይደለም፣ ዝናቡ ቀላል ነው ማለትም አይደለም። እንዲህ ካሉ አሥር ቀኖች በአራቱ ያ ቦታ ዝናብ ያገኘዋል ማለት ነው፤ ያገኘው ቀን ካፊያ ሊሆን ይችላል፣ ዶፍም ሊሆን ይችላል። እኛ ከመነሻው ከተማ ይልቅ የከፍታውን ትንበያ በየሰዓቱ እናያለን፤ ከአማካይ ነፋስ ይልቅ ድንገት በርትቶ የሚገፋውን ነፋስ፤ ዕለቱ ሲደርስ ደግሞ ዝናቡ የት እንዳለ የሚያሳየውን ራዳር። መንገዱን ከነአማራጩ በዋዜማው ማታ እንልክላችኋለን፣ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት አንዱን እናጸናለን።

ሞተረኞችና ብስክሌተኞች ማታ አንድ ቦታ እንደምንገናኝ ታውቃላችሁ። ቀን ግን አብረን አንሄድም፣ ባልና ሚስት ተከፋፍለው ቢመዘገቡም እንኳ። ሞተረኛ ራዳሩን አይቶ ዝናቡን ሊዞረው ወይም ሊቀድመው ይችላል፤ ብስክሌተኛ ከደመና ጋር መሽቀዳደም አይችልም፣ የያዘውም ልብስ ኪሱ ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ሞተሮቹ ተራራውን ሲያቋርጡ ብስክሌቶቹ በታች ሊዞሩ ይችላሉ። አድልዎ አይደለም። የጎን ነፋስ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ብስክሌቱ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይገፋል፣ በተለይ ቸርኬው ጥልቅ፣ ማለትም ጎኑ ሰፊ የሆነው፤ ሞተሩም ቢሆን ትልቅ መኪና ሲያልፈው ነፋሱ ለአፍታ ይከለልና ወዲያው ተመልሶ ይመታዋል። እጃችሁን አላሉት፣ እጀታውን አንቃችሁ አትያዙ፣ ከጎናችሁም ቦታ ይኑራችሁ።

መንገዱ ሲረጥብ የሰልፉ አያያዝ ይለወጣል። ሞተረኞች በደረቅ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ እያልን እንሄዳለን፣ ከፊታችን ካለው የሁለት ሰከንድ ርቀት ይዘን። ሲዘንብ አራት ሰከንድ እናደርገዋለን። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ወደ 90 ሜትር ነው፤ ብዙ ይመስላል፣ መሆንም አለበት። ኩርባ ውስጥና ጉም ውስጥ አንድ ረድፍ ነን። «እንዲህ ከተራራቅን እንጠፋፋለን» ለምትሉ፣ አትጠፋፉም። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ቆሞ መንገዱን ያመለክታል፣ ከሁሉም ኋላ የሚነዳው ጠባቂ ሲደርስ ከፊቱ ገብቶ ይከተላል። ይህ ዘዴ ሁለት ጥቅም አለው። ማንም መታጠፊያ አይስትም፣ ማንም ደግሞ ፊተኛውን ላለማጣት ብሎ እርጥብ ኩርባ ላይ አይሮጥም። ሁለተኛው ይበልጣል። በዝናብ ቀን ቡድንን የሚያስቸግረው ይኸው የመሯሯጥ ነገር ነውና።

ከሁሉም የሚያዳልጠው የዝናቡ መጀመሪያ ነው። ለቀናት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ይለወስና፣ ዝናቡ አጥቦ እስኪወስደው ድረስ መንገዱ ክፉ ነው። ካፊያው እንደጀመረ መሪው ፍጥነት ሲቀንስ «ገና ምኑ ዘነበ» አትበሉ። ቀለም የተቀባ መስመር፣ የብረት ክዳን፣ የብረት ድልድይ፣ የባቡር ሐዲድ፤ እነዚህ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ ወደ ጎንም አታዘንብሉ። ሐዲድን በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ በመስቀልኛ ተሻገሩት፣ ብስክሌተኞች በተለይ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው ሞተር የያዛችሁም ብትሆኑ አትመኩበት፤ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ይረዳችኋል፣ ወደ ጎን አዘንብላችሁ ቀለም ላይ ለምትንሸራተቱት ግን ብዙ አያደርግላችሁም። ውሃ ያቆረ ቦታ ሁሉ ደግሞ ከሥሩ ጉድጓድ እንዳለ ቁጠሩት።

ስለ መብረቅ ብዙ አንጽፍም፣ ግልጽ ነው። ብልጭታውን አይታችሁ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ድምፁን ከሰማችሁ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው፤ ጉዞው ይቆማል፣ ሕንፃ ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ ዝግ መኪና ውስጥ እንገባለን። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አንነሳም። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የለም። «ጎማው ላስቲክ ስለሆነ ያድነኛል» የሚል ሰው በየቡድኑ አይጠፋም፤ አያድንም።

ዕቃን በተመለከተ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ። ከጥጥ የተሠራ ካናቴራ ቤት ይቅር፤ አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀታችሁንም ይወስዳል። ሁለተኛ ጓንት ያዙ፣ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልላችሁ። ብስክሌተኞች፣ ፓራፋንጎ ግዴታ ነው፣ የኋላው ደግሞ ረጅም ይሁን፤ ያለሱ የምትረጩት ውሃ የሚያርፈው ከኋላችሁ ያለው ሰው ፊት ላይ ነው። ፍሬናችሁ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ሲረጥብ ቶሎ አይጨብጥም፣ ውሃውን እስኪጠርገው ጎማው መዞር አለበት፤ ቀደም ብላችሁ በስሱ ያዙት። የጎማውን ንፋስ ትንሽ ብትቀንሱለትም ደህና ይይዛል። ሞተረኞች ግን ይህን እንዳትሞክሩት። የሞተር ጎማ ንፋስ አምራቹ ባለው ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ ነው፤ ሲቀንስ በመስመሮቹ ውሃ የማስወጣት አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። የሄልሜታችሁ መስታወት ጉም የሚይዝ ከሆነ መከላከያ አስለጥፉበት። ሰንሰለታችሁን ከዝናብ በኋላ ማታውኑ ዘይት ቀቡት፣ ጠዋት ላይ ጊዜ የለም።

ገንዘቡን አሁን እንናገር፣ ኋላ ቅር እንዳንሰኛኝ። ከመነሳታችን በፊት በአየሩ ምክንያት ጉዞውን ካስቀረነው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሌላ ቀን ይዛወርላችኋል፤ ቀኑ ካልተመቻችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ከተነሳን በኋላ መንገድ ብናሳጥር ወይም ተራራውን ብንተው ግን ተመላሽ የለም። ይህ የማይዋጥላቸው ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ምክንያታችን ቀላል ነው። መሪው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲወስን የሚመለስ ገንዘብ እንዲያሰላ አንፈልግም።

ከመመዝገባችሁ በፊት በዚህ ደብዳቤ መልስ ላይ የሚከተለውን ጻፉልን፦ የሞተራችሁን ወይም የብስክሌታችሁን ዓይነት፣ የፍሬኑን ዓይነት፣ ጎማው የተቀየረበትን ጊዜ፣ ዝናብ ውስጥ ነድታችሁ የምታውቁ እንደሆነና እንዳልሆነ። ጣቶቻችሁ በብርድ ቶሎ የሚደነዝዙ ከሆነ፣ ወይም በብርድ የሚነሳ አስም ካለባችሁ እሱንም ጨምሩ፤ የሚያየው የጉዞ መሪው ብቻ ነው። የዋዜማው መልእክት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚላክ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ፣ እንደደረሳችሁም «ደርሶኛል» ብላችሁ መልሱልን።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ዝግጅት ክፍል